የአዲስ አበባን ጠጅ ቤቶችና ቡና ቤቶች ታሪክ ሳይረፍድ እንሰብስብ

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት ተራው የካዛንቺስ ሆነ። አብረው የተነሱት ጠጅ ቤቶች፣ አረቄ ቤቶች፣ አዝማሪ ቤቶችና ትንንሽ ቡና ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለ ልማቱ ሁላችንም የየራሳችን ሐሳብ ይኖረናል። የዛሬው ጥሪያችን ግን ስለ ሰዎቹ ነው። እነዚያን ቤቶች ያቆሙ እናቶች፣ አስተናጋጆችና ደንበኞች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ አንዳንዱ ልጆቹ ጋ ተጠግቷል። የሚያውቁትን ግን ጠይቆ የጻፈላቸው የለም።

ስለዚህ የሰፈር ልጆች፣ የታሪክ ተማሪዎችና ጡረታ የወጡ መምህራን ተሰባስበን ይህን ታሪክ በድምፅ፣ በፎቶና በጽሑፍ መሰብሰብ ጀምረናል። አሁን የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

ታሪኩ የከተማዋ እኩያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጠጅ በዋናነት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ተራው ሰው የሚቀምሰው ግብር ሲበላ ነው። ከተማዋ በወታደር፣ በነጋዴና በባለጉዳይ ስትሞላ ግን ጠጅና ጠላ መሸጥ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆነ። ከባሏ ተፋታ ከገጠር ብቻዋን የመጣች ሴት፣ ጋንና ጌሾ ካገኘች ሥራ መጀመር ትችላለች። ጋኗን በወይራ ታጥናለች፣ ጥንስሷን ትጥላለች፣ ዘንግ ላይ ጣሳ ደፍታ ደጇ ላይ ታቆማለች። ማስታወቂያዋ ይኸው ነው። በዚህ ገቢ ልጅ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ኮማሪት እየተባሉ በጨዋታና በቀልድ ይነሳሉ እንጂ ታሪካቸው የት ተጻፈ? እኛን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበን ይህ ነው።

የቡናውም መንገድ የራሱ ወግ አለው። የደጋው ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን ይሸሸው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸው ነገሩን አለዘበው። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ደግሞ የቡና ማሽኑና ማኪያቶው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ የተከፈተው ቶሞካ ዛሬም ደንበኛውን ቆሞ ያስጠጣል። ለቶሞካ ብዙም አንሰጋም፣ ስሙን የማያውቅ የለም። የምንሰጋው ከውቤ በረሃ እስከ መርካቶ ጓሮ ለነበሩት፣ በባለቤቲቱ ስም ብቻ ይጠሩ ለነበሩት ቤቶች ነው።

አንዲት እናት ያዋሱን የዱቤ ደብተር አለ። ገጾቹ ጠጅ ፈሶባቸው ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። ከተጻፉት አብዛኞቹ ቅጽል ስሞች ናቸው፦ «ሹፌሩ»፣ «ባለ ኮፍያው»፣ «ቀዩ ወታደር»። ከእያንዳንዱ ጎን የተጠጣው ብርሌ በጭረት ተቆጥሯል። የከፈለ ሰው ይሰረዛል። ደመወዝ ሲወጣ ስረዛው ይበዛል፣ ሁዳዴ ሲገባ ጭረቱ ይሳሳል። ሳይሰረዙ የቀሩም አሉ። የት እንደደረሱ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደብተሩን እየገለጡ ነግረውናል፣ ቀድተነዋል። የአንድ ሰፈር ኑሮ እንዲህ ፍንትው ብሎ የሚታይበት ሰነድ ሌላ ቦታ አላየንም።

የምታዋጡት ገንዘብ የሚውለው ለስካነር፣ ለድምፅ መቅጃ፣ ለሃርድ ዲስክና ለትራንስፖርት ነው። ትልቁ ወጪ ግን የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የአንድ ሰዓት ወሬ ገልብጦ ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ መቀመጥን ይጠይቃል፣ ለዚህ የሚደክሙትን ተማሪዎች በነጻ ማሠራት አንፈልግም። ሙዚየም ሥሩ የሚሉን ወዳጆች አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን አሁን አይደለም። ሕንፃ ይቆየናል፤ ለ85 ዓመት እናት ግን ነገ ዛሬ ማለት አይገባም። ንብረትም እንዲሁ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል እሳት ተነስቶ እዚያው የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባ እንዴት እንደጠፋ ሁላችንም እናስታውሳለን። የእያንዳንዱን ነገር ቅጂ ሁለት የተለያየ ቦታ የምናስቀምጠው ለዚህ ነው።

100 ብርም ቢሆን ደስ ብሎን እንቀበላለን። ሒሳቡ በስብስባችን ስም የተከፈተ ነው፣ ያለ 3 ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ አለ፣ ወጪውን በየወሩ ለሁሉም እናሳያለን። ያሰባሰብነው ሲጠናቀቅ ማንም ገብቶ እንዲያነበው ቅጂውን ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንሰጣለን። አንድ ነገር ግን አንደራደርበትም። ስሜ አይነሳ ያለ ሰው ስሙ አይነሳም። የምሽት ቡና ቤት ሥራ ለብዙ ሴቶች መራራ ትዝታ አለው፣ ልጆቻቸው ሳይቀሩ የማያውቁት። ይዘጋልኝ ያሉት ቅጂ ይዘጋል።

ገንዘብ ያልሞላለት ሰው በሌላ ይርዳን። አክስቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁልን። የድሮ ንግድ ፈቃድ፣ የበር ማስታወቂያ፣ የቀለም ቅብ ሰሌዳ፣ ብርሌ፣ ፎቶ ካለ አሳውቁን። ንብረቱን አንወስድም፣ ቤታችሁ መጥተን ቀድተን እዚያው እንመልሳለን። ፎቶው ጀርባ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ እባካችሁ አትፋቁት፣ የተጻፈውንም አብረን እንቀዳዋለን።