የቮልሷ በር

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ሚጣዬስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከባለፈው ሳምንት ይሻላል። የደሴ ብርድ እንዳይጎዳችሁ።

ማክሰኞ ማታ በስልክ የነገርከኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የቮልሷ የሾፌር በር ወርዷል አልከኝ። ለመዝጋት ሁለት ሦስት ጊዜ ማላተም አለብህ። ጋራዥ ስትወስዳት ደግሞ «መቆለፊያው የሚገባበትን ብረት ትንሽ ዝቅ እናድርገውና ያልቃል» ብለውሃል። ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ማቆሚያውም ተበጥሷል፣ በሩ ተከፍቶ አይቆምም» ብለህ ጣል አደረግክ። እኔ ከሁሉም በላይ የሰማሁት የመጨረሻዋን ነው።

ቅልጥምህ ላይ ያለችውን ጠባሳ ለሰው «በር መታኝ» እያልክ እንደምታወራ አውቃለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን በደንብ አጫውቼህ አላውቅም። 1989 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ስድስት ዓመትህ ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት ላይ አቆምኩ፣ የመኪናዋ ፊት ወደ ላይ ነው። ቮልስ ያላት ሁለት በር ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የፊቱን ወንበር አጥፎ በዚያው በር ነው የሚወጣው። ማቆሚያው ከተበጠሰ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በሩ ከመጠን በላይ ተከፍቶ ላሜራውን እንዳይገጭ በሲባጎ አስሬዋለሁ። ሲባጎ ግን በሩን ከመከፈት ያግደዋል እንጂ ከመዘጋት አያግደውም። አንድ እግርህን አውጥተህ ሌላውን ልታወጣ ስትል በሩ በራሱ ክብደት ተመልሶ መጣ። አምስት ስፌት ተሰፋህ። ያን ቀን ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። ሁለት ወር ሙሉ አውቄ ዝም ብዬ ነበር።

ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፍልህ። ደሴ ደግሞ ዳገት ቁልቁለት ናት። ሚጣ የምትወርደው በዚያው በር ነው።

መጀመሪያ ስለ በሩ መውረድ። መቆለፊያው የሚገባበትን ብረት እንዳታስነካ። ብረቱ ምንም አላጠፋም። በሩ ስለወረደ ነው የማይገናኙት። ብረቱን ዝቅ ካደረጉት በሩ ለሦስት ወር ይዘጋልሃል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። በሽታው ያለው ማጠፊያው ላይ ነው።

እንዲህ አድርገህ አረጋግጥ። በሩን እስከ ግማሽ ክፈተው። ጫፉን፣ እጀታው ባለበት በኩል፣ ከሥር ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሳ፣ መልሰህ ልቀቅ። አንተ ስታነሳ ባለቤትህ ማጠፊያዎቹን ትይልህ። የቮልስ ማጠፊያ ከውጭ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይታያል። ሁለቱ ብረቶች በፔርኖው፣ አያይዟቸው በመሐላቸው በሚያልፈው ቀጭን ዘንግ፣ ዙሪያ እርስ በርስ የሚላወሱ ከሆነ ፔርኖው ወይም ቀዳዳው ተበልቷል። ፔርኖው ዝም ብሎ ማጠፊያው ከነብሎኑ ምሰሶው ላይ፣ በሩ በተያያዘበት የመኪናዋ አካል ላይ፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን የላላው ብሎን ነው፣ ማጥበቅ ይበቃዋል። ላሜራው ራሱ የሚተነፍስ ከሆነ ዝገት ገብቷል ማለት ነውና ሌላ ነገር ሳትነካ ደውልልኝ።

ብዙውን ጊዜ የላይኛው ነው ቀድሞ የሚበላው። በር በጎኑ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይጎትተዋል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ከበሩ ርዝመት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማጠፊያው ላይ የተፈጠረች 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከ2 ሚሊ ሜትር ትበልጣለች። ይሄን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። በር ላይ በክርን መደገፍ፣ በሩን ይዞ ከወንበር መነሳት፣ ይሄ ሁሉ እዚያች ቀጭን ፔርኖ ላይ ነው የሚያርፈው። ማጠፊያው ውጭ ስለሆነም ዝናቡም አቧራውም ይገባዋል። ዘይት ካላገኘ አቧራው እንደ ሞረድ ይበላዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ቅዳሜ ልትሠራ ካሰብክ ዓርብ ማታ ፔርኖዎቹን ከላይም ከታችም በነጭ ጋዝና በሞተር ዘይት ቅልቅል አርስልኝ። ጠዋት ላይ ድገመው። ይህን አትዝለል። ደርቆ የያዘ ፔርኖ ላይ መዶሻ ካነሳህ የሚታጠፈው ማጠፊያው ነው።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም። በሩን ከፍተህ ክሪኩን ከሥሩ አስገባለት፣ በክሪኩና በበሩ መካከል እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ጨርቅ አድርግ። ክሪኩ በሩን የሚደግፍ እንጂ ወደ ላይ የሚያነሳ መሆን የለበትም። አንድ ሰው በሩን ይያዝልህ። ሁለቱን ፔርኖ በአንዴ እንዳታወጣ። አንዱን አውጥተህ፣ አዲሱን ገጥመህ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። አንዱ በቦታው ካለ የበሩ አቀማመጥ አይጠፋብህም።

ፔርኖውን ስታወጣ መጀመሪያ ጭንቅላቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ እይ። ጭንቅላት በሌለው በኩል ነው የሚመታው። ከፔርኖው ትንሽ የቀጠነ ድፍን ዘንግ አስጠግተህ በአጭር በአጭሩ ምታ። ቀለሙ እንዳይላጥ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፍበት። ከወጣ በኋላ መሐሉን በጣትህ ዳስሰው። የተበላው ቦታ እንደ ወገብ ገባ ብሎ ታገኘዋለህ።

ቀዳዳውን ደግሞ በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ለካ። ሁለቱ ልኬት እኩል ከሆነ እድለኛ ነህ፣ አዲስ ፔርኖ ብቻ ይበቃል። አንዱ ከበለጠ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል። ያን ጊዜ በእጅ ድሪል እንዳትነካው! ድሪሉ የተበላውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ጥመቱን ያብስብሃል። ማጠፊያውን ፈትተህ ቶርኖ ቤት ውሰደው። ቀዳዳውን አስተካክለው ክብ ያደርጉትና በዚያ ልክ ወፈር ያለ ፔርኖ ይቆርጡልሃል፣ ወይ የነሐስ ቦኮላ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀለበት፣ ያስገቡበታል። ከመፍታትህ በፊት ግን ማጠፊያው ምሰሶው ላይ ያረፈበትን ዙሪያ በምስማር ጫፍ ጫር ጫር አድርገህ ምልክት አድርግ። ስትመልሰው በዚያው ልክ ይገባል። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው የካቻቢቴ ነው፣ በጣም ነው የሚጠብቁት። በተራ ካቻቢቴ ከታገልካቸው ጭንቅላታቸው ይላጣል። በመዶሻ ሲመታ እየዞረ የሚፈታው ካቻቢቴ አለ፣ እሱን ከጋራዥ ተዋስ።

ፔርኖ ከየትም ብረት አይቆረጥም። የቤት መሥሪያ ፌሮ ቆርጠው ያስገቡበት ማጠፊያ አይቻለሁ፣ ዓመት አልቆየም። ፌሮ ለስላሳ ነው። ሌላ ካጣህ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያለበት ረጅም ብሎን ግዛና ጥርስ የሌለውን ልሙጡን ክፍል በልኩ አስቆርጥ። ፔርኖው ከማጠፊያው ሁለት ብረቶች በአንዱ ጥብቅ ብሎ፣ በሌላው ውስጥ ሳይላወስ መዞር አለበት። በሁለቱም ከጠበቀ በሩ ያቃስታል፣ በሁለቱም ከላላ ፔርኖው ሸርተት ብሎ ይወጣል። ከማስገባትህ በፊት ግሪስ ቀባው። ከዚያ በኋላ የሞተር ዘይት በቀየርክ ቁጥር እዚያም ሁለት ጠብታ አድርግ።

ሲያልቅ በሩን ሳትቆልፍ ቀስ ብለህ ወደ መቆለፊያው አስጠጋው። በሩ ሲገባ ከፍም ዝቅም ማለት የለበትም። ከኋላው ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን። ያኔም ትንሽ የሚነካ ነገር ካለ የመቆለፊያውን ብረት በመጨረሻ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ በፊት አይሆንም። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በሩ እምቢ ቢልህ ደግሞ አትደንግጥ። ቮልስ አየር አታስወጣም። አንዱን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርገህ ሞክር።

ማቆሚያውን ከበሩ በኋላ ሥራው፣ ግን በዚያው ቀን። በወረደ በር ላይ አዲስ ማቆሚያ ብትገጥም ጠሞ ይሠራና መልሶ ይበጠሳል። አንዱ ጫፉ በትንሽ ፔርኖ ከምሰሶው ጋር ተያይዟል፣ ሌላው በሩ ውስጥ ይገባል። የበሩን የውስጥ ልባስ አንሳና አሮጌው የት ላይ እንደተበጠሰ ተመልከት። ያቺ ትንሽዋ ፔርኖ ብቻ ወድቃ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ምሰሶው ላይ ያለው ላሜራ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ብየዳ ያስፈልገዋል። በያጅ ከጠራህ መጀመሪያ ባትሪውን አስነቅል። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም፣ የወንበሩ ስፖንጅ ደግሞ ቶሎ በእሳት ይያዛል።

«የቮልስ እቃ ጠፍቷል» ቢሉህ አትስማቸው። ሜክሲኮ ያለው ፋብሪካ እኮ ማምረት ያቆመው በ2003 እንደ ፈረንጆች ነው። ትናንት ሶማሌ ተራ ወርጄ ከተፈታች ቮልስ ላይ የወጣ ማቆሚያ አገኘሁ። እዚያው ደጋግሜ ሳብኩት፣ ጥርሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይይዛል። አራት ፔርኖም ገዝቻለሁ፣ ሁለቱ ከሌሎቹ ወፈር ይላሉ። ሐሙስ በአውቶቡስ እልካቸዋለሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በርበሬው ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። ከቀዳዳው ልኬት ጋር ሳታስተያይ አንዱንም እንዳትመታ።

እቃው እስኪደርስ ዳገት ላይ ስታቆም የመኪናዋን ፊት ወደ ላይ አታድርግ። ሜዳ ፈልግ። ሚጣ ስትወርድ ደግሞ አንተ ቀድመህ ውረድ፣ በሩን በእጅህ ያዝላት፣ ሁለቱም እግሯ መሬት እስኪነካ አትልቀቀው።

እናትህ