ጥቅሱን ለጥፎ መሄድ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ብያለሁ ከጅማ። ፈረንጅ አራዳ ቡናዬን እየጠጣሁ መጀመሪያ የምገልጠው የመጽሐፍ ዳሰሳ ገጻችሁን ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር እያበሳጨኝ ነው። ጸሐፊው አንዲት ሐሳብ ጣል ያደርግና ግማሽ ዓምድ የሚሞላ ጥቅስ ይለጥፋል፤ ከዚያ «ከላይ እንደተመለከትነው» ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። ምኑን ነው የተመለከትነው? የገለበጠውን እንጂ ያሰበውን አላየንም።

እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ይሄው ልማድ በማርመው ወረቀት ላይ ይመጣብኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሳማ አትጠይቁኝ፤ ሁሉም የጉዱ ካሳን ረጅም ንግግር ይገለብጥና ሥሩ «ይህ የሚያሳየው የፊውዳሉን ሥርዓት ብልሹነት ነው» ብሎ ይዘጋል። ታዲያ ማርኩን ለማን ልስጥ? ለሐዲስ?

አንዷ ተማሪዬ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ምንም አልወሰደችም። የጻፈችው ይህን ነው፦ «አገሬው ‹ጉዱ› ያለው ካሳ ዳምጤ፣ አንባቢ ዘንድ ሲደርስ ከሁሉም ጤነኛው ሰው ይሆናል።» አለቀ። አንዲት ቃል ጠቀሰች፣ የራሷ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባቻት፣ መንደሩ እንዴት እንደሚያየውና ደራሲው እንዴት እንዳሳየው በአንድ መስመር ለየችው። ጥቅሷን ብታወጡት ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ ለእኔ መለኪያው እሱ ነው። ተለጣፊውን ጥቅስ ግን አውጥታችሁ ብትጥሉት ማንም ልብ አይልም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው እኮ። በወሬ እንኳ «አልሄድም አለ» እንላለን፤ የሰውየውን ቃል እንዳለ ይዘን «አለ»ን ከኋላ እንቀጥላለን። እዚህ ብዙዎቹ ልጆች አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ናቸው፣ እዚያም ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቋንቋው ከበዳቸው አይባልም። «ሲል»፣ «ብሎ»፣ «እንዳለው»፣ «የሚለው» ሁሉም አፋቸው ላይ አሉ። ወረቀት ላይ ሲሆን ነው የሚጠፉት። ጥቅሱ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ያስቀምጡና «ሲል» ለብቻው አዲስ መስመር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ወይ ትእምርተ ጥቅሱን ከፍተው መዝጋት ይረሳሉ፤ ያኔ «እኔ» የሚለው ገጸ ባሕርይው ይሁን ተማሪው መለየት አይቻልም።

በምሳሌ ላሳይ። አንድ ልብ ወለድ አለ እንበል፣ መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ ባለሥልጣኑን ሊከስ ይነሳል፣ ጎረቤቱ ደግሞ «ሰማይ አይታረስ» ብቻ ብሎት ይሄዳል። አብዛኛው ተማሪ «በታሪኩ ውስጥ የሥልጣን ጉዳይ ተነስቷል» ይልና ሥሩ ጥቅሱን ይደነቅራል። እኔ እንዲህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፦ «ጎረቤቱ ‹ሰማይ አይታረስ› ብሎ ምክሩን ሲቋጭ ‹ንጉሥ አይከሰስ› የሚለውን ግማሽ ዋጥ አድርጎታል፤ ንጉሡን በተረት እንኳ ለማንሳት ፈርቷል።» ጥቅሱ ሁለት ቃል ነው። ፍርሃቱ የተገኘው ግን ጸሐፊው የተባለውንም ያልተባለውንም ስላየ ነው። ሽማግሌ ሲያስታርቅ አይታችሁ ከሆነ ተረት ጥሎ ዝም አይልም፣ «እንዲሉ» ብሎ ከፊቱ ካለው ጠብ ጋር ያስረዋል።

ረጅም ጥቅስ ጨርሶ አይግባ አላልኩም። የግጥም ቤት አመታት ስንተነትን ስንኙን ሳናወርድ አይሆንም። ግን ካወረድነው በኋላ የትኛው ቃል ላይ ቆመን እንደምንነጋገር እናሳይ።

ልጆቹ ላይ ብቻ አልፈርድም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፣ መልሱን መርጦ መውጣት ነው፤ አንድ አንቀጽ ጻፍ የሚለው የለም። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ ምን እንደሚመስል የሚያዩት ከእናንተ ገጽ ነው፤ እኔም ራሴ እየቆረጥኩ ክፍል እወስድላቸዋለሁ። እባካችሁ ዳሰሳ ሲላክላችሁ ከግማሽ በላይ ጥቅስ ከሆነ ለጸሐፊው መልሱለት፣ ቦታ ከጠበባችሁም መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥቅሱ ይሁን፣ የጸሐፊውን ሐሳብ አትንኩብን።

የአማርኛ መምህር፣ ከጅማ