ለእህት ዓለም፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ያህል ዝም ያልኩት ቤታችን ከባድ ጊዜ ላይ ስለነበረ ነው። ታናሽ እህቴ ድባቴ ይዟት ነበር። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ነው ብለን ነበር። ከዚያ ምግብ ተወች፣ እንቅልፍ አጣች፣ መጋረጃ ሳትገልጥ መዋል ጀመረች። እማዬ ጠበል ወሰደቻት፣ እኔ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሁለቱንም አላቋረጥንም። ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን አዘዘላት፣ ጠዋት ጠዋት 20 ሚሊግራም። «ቶሎ ለውጥ አትጠብቁ፣ ሳምንታት ይፈልጋል» አለን። እንዳለውም ሆነ። ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። ሰሞኑን ከእማዬ ጋር በወጥ ጨው ስትከራከር ሰምቼ ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም።

እስክሪብቶ ያስነሳኝ ግን የመድኃኒቱ ወረቀት ነው። ከካርቶኑ አውጥቼ ስዘረጋው የመድኃኒቱ ሞለኪውል መዋቅር ተስሏል። ሁለት ቀለበት፣ መሀል ላይ ኦክስጅን፣ ጫፍ ላይ ሦስት ፍሎሪን የተሸከመች አንዲት ካርቦን። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። በመጨረሻ ስንገናኝ «ያ ሁሉ አራት ኪሎ የተማርነው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ምን ጠቀመ?» ብለሽኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አልኩ። አሁን ግን ይህን መድኃኒት ከሠሩት አንዱን ሰው ላስተዋውቅሽ።

ብራያን ሞሎይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ብሮቲ ፌሪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ተወለደ። ኬሚስትሪውን ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1966 አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ኢላይ ሊሊ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ገባ። እዚያ ሬይ ፉለር የተባለ ባልደረባው አእምሮ ላይ ወደሚሠሩ ኬሚካሎች ሳበው።

በዚያን ጊዜ የነበሩት የድባቴ መድኃኒቶች እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ ናቸው። ይሠራሉ። ግን አፍ ያደርቃሉ፣ ያፈዛሉ፣ ከልክ ካለፉ ደግሞ ልብን ይጎዳሉ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ላለበት ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት ቤት ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አሁን በደንብ ይገባኛል።

ሞሎይ ከየት ተነሣ መሰለሽ? ከዳይፈንሃይድራሚን! እኛ ለአለርጂ የምናውቀው። የሞለኪውሉን አጽም እየለወጠ፣ ከክላውስ ሽሚገል ጋር ሆኖ፣ አንዱን ውህድ ከሌላው እያስከተለ ሠራ። ሽሚገልም ጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ኬሚስት ነው።

አንቺ የምትወጂው እዚህ ጋ ነው። ከውህዶቹ አንዱ ኒሶክሰቲን ይባላል። ቀለበቱ ላይ ኦርቶ ቦታ፣ ማለትም ከኦክስጅኑ መያዣ ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ፣ ሜቶክሲ (ኦክስጅንና ካርቦን ያለው ትንሽ ቅጥያ) አለው፣ የሚሠራውም ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ በሆነው በኖርኤፒነፍሪን ላይ ነው። ሜቶክሲዋን አንሺና ፓራ ቦታ ላይ፣ ማለትም ከመያዣው ትይዩ ጫፍ፣ ትራይፍሎሮሜቲል፣ ያችን ሦስት ፍሎሪን የተሸከመች ካርቦን፣ አድርጊ። ፍሉኦክሰቲን ሆነ ማለት ነው፣ ሥራውም ሴሮቶኒን ወደተባለው ሌላ የነርቭ መልእክተኛ ዞረ። የቀረው አጽም ያው ነው። መምህራችን ኦርቶና ፓራ እያሉ ሲያሰለቹን ይህን ቢነግሩን ምን ነበረበት!

ይህን ያሳየው ዴቪድ ዎንግ ነው፣ ሆንግ ኮንግ ያደገ ባዮኬሚስት። እሱና ባልደረቦቹ ከአይጥ አንጎል የነርቭ ጫፎችን ለይተው አውጥተው፣ የትኛው ውህድ ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይገባ እንደሚከለክል በ1972 ለኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ነርቭ ለሌላው ሴሮቶኒን ይለቅና ወዲያው መልሶ ይሰበስበዋል፣ እንግዳው ቡናውን ሳይጨርስ ስኒው እንደሚነሳበት ማለት ነው። ፍሉኦክሰቲን ያን መሰብሰብ ያግዳል።

ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ነው ብሎ መደምደም ግን ልክ አይመስለኝም። እገዳው በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ ሕመምተኛው ግን የሚሻለው ከሳምንታት በኋላ ነው። መሀል ላይ አንጎል ውስጥ ብዙ ነገር ይካሄዳል። ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሠራም እወቂልኝ፣ ለእህቴ ስለሠራ ለሁሉም ይሆናል አልልም።

ስለ ፍሉኦክሰቲን የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ጽሑፍ በ1974 ወጣ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያጸደቀው ግን በ1987 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ነው። የገበያ ስሙ ፕሮዛክ ነው። ውህዱ ከተሠራ ከ15 ዓመት በኋላ! የባለቤትነት መብቱ በ2001 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎችም በርካሽ ማምረት ጀመሩ። እህቴ የምትወስደው ፕሮዛክ የሚል ስም የለበትም፣ ውስጡ ያለው ግን ያው የሞሎይና የሽሚገል ውህድ ነው።

ሞሎይና ሽሚገል በ1999 አሜሪካ ውስጥ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ሞሎይ በ2004 በ65 ዓመቱ አረፈ። የፕሮዛክን ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል፣ የእሱን ስም ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ይህ ያንገበግበኛል። እኛ ቤት ግን ይታወቃል። ለእማዬ ነግሬያታለሁ፣ «ነፍሱን ይማር» ብላለታለች።

እና እህት ዓለም፣ ለተማሪዎችሽ ኦርቶና ፓራ ስታስተምሪ እነዚህን ሁለት መዋቅሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ሳዪላቸው። ሥዕሉን ከደብዳቤው ጀርባ አድርጌልሻለሁ። የልጆቹን ጥያቄ ጻፊልኝ፣ አብረን እንመልሰዋለን። ለፋሲካ የምትመጪ ከሆነም አስቀድመሽ ደውይልኝ፣ እህቴ ልታይሽ ትፈልጋለች።

የምትወድሽ ጓደኛሽ