ለአባባ፣ ስለ ክኒኑ ነገር

ውድ አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በፋሲካ ሰሞን የደም ግፊት ክኒኑን አልወስድም ብለው ስንከራከር ድምፄን ከፍ አድርጌብዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ። ግፊትዎ 170 በ100 ነው የሚለውን ወረቀት ፊትዎ ዘርግቼ፣ ግፊት ሳያሳምም ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እርስዎ 30 ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ነዎት፤ ቁጥሩ ጠፍቶብዎት አልነበረም። ጣትዎን በስኒ ማስቀመጫው ጠርዝ ላይ እያዞሩ ዝም አሉኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ በነርስነት ትምህርት ላይ ሳለሁ የሰማሁት አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። ባልደረቦቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህሉ በሞቱበት ክፍል፣ በጁን የሞቱት 2 ያህል ብቻ ሆኑ። ከዚህ የጠራ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሆኖም ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው አንድ ብቻ አልነበረም፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ ነው፦ እሺ ለማለት መጀመሪያ «እነዚያን እናቶች የገደለው የእኔ እጅ ነው» ማለት ነበረባቸው። እሱም የኋላ ኋላ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ጻፈባቸው።

እኔም በእርስዎ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፣ አባባ። እማዬ ክኒኑ ሲሰለቻት «ካልከበደሽ ትንሽ እረፊ» ያሏት እርስዎ ነበሩ። ከዚያ በፊት ማታ ማታ መነጽርዎን አድርገው፣ ክኒኗን በስኒ ማስቀመጫ ላይ ቆጥረው፣ ውሃውን በእጅዎ የሚያጠጧትም እርስዎ ነበሩ። «ክኒኑ ያድናል» ባልኩ ቁጥር ምን ይሰሙ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

እንደ ነርስ ልንገርዎ፦ መድኃኒቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ሳያቋርጥ የወሰደም ሰው በስትሮክ ይመታል። እማዬ ክኒኑን ባታቆም ኖሮ ትተርፍ እንደነበር እኔም ሐኪሟም ልናውቅ አንችልም። እንደ ልጅዋ ደግሞ፣ እንዴት እንዳስታመሟት ዓይኔ አይቷል።

ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ወረቀቱን አልይዝም። እማዬ ካረፈች ጀምሮ ስለዚያ ሰሞን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ እርስዎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ