ከፊት ብቻ አይተሽ አትፍረጂ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? የባሕር ዳር ሙቀትስ? እኛ ማርቆስ ከነብርዱ ደኅና ነን።

ትናንት የሒሳብ መምህርሽ ደውለው ነበር። ኩብ ስንት ገጽ፣ ስንት ጠርዝ፣ ስንት ጫፍ አለው ሲባል 3፣ 9፣ 7 ብለሽ ጽፈሻል አሉኝ። ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኛል። ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ነው የቆጠርሽው። ሥዕል ርዝመትና ወርድ ብቻ ነው ያለው፤ ኩብ ግን ጀርባም ሥርም አለው።

በይ ተነሽና ከአክስትሽ ኩሽና የክብሪት ቀፎ አምጪ። ኩብ ባይሆንም ቁጥሩ አንድ ነው። እያገላበጥሽ በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪ፤ 6 ገጽ፣ 12 ጠርዝ፣ 8 ጫፍ። ገጽና ጫፉን ደምረሽ ጠርዙን ስትቀንሺ 2 ይመጣል። ያንቺ መልስ 1 ነው የሚሰጠው። ይህች ኦይለር የሚባለው የሒሳብ ሊቅ ማረጋገጫ ናት፣ ያዣት። እንደ ጣሳ ክብ ለሆነው ለሲሊንደር ግን እንዳትሞክሪያት፣ አትሠራም። ከፊት ብቻ አይተሽ አትፍረጂ!

የምቆጣው ለማርክ ብዬ አይደለም የኔ እናት። የአያትሽን የጤፍ ነገር ታውቂያለሽ። ያ ሰውዬ በእኛ ጎታ ሙሉ ተበደረ፣ ሲመልስ በራሱ ጎታ እየሞላ ሁለት ጊዜ ሰፈረ። ቁመታቸው እኩል ነው፣ የሱ ወርድ ግን የእኛው ግማሽ ነው። ሽማግሌዎቹም ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዱን ያክላሉ ብለው ፈረዱለት። ከፊት ለሚያይ እውነት ይመስላል። ክረምቱ ሳይጋመስ ጤፉ አለቀ። ትንሽ ስለነበርኩ ጎታው ውስጥ ገብቼ የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ከጭቃው ስንጥቅ ፍሬዋን በጥፍሬ እየለቀምኩ ሳወጣ አባቴ ከላይ ሆኖ «አለ?» ይለኛል። ተበድያለሁ ይል ነበር፣ በምን እንደተበደለ ግን ማስረዳት አቃተው። እኔ የክብ ስፋት ተምሬ ሲገባኝ እሱ አፈር ገብቷል። የእኛው ሬዲየስ፣ ከመሐል እስከ ዳር ያለው፣ 60 ሳንቲ ቢሆን የሱ 30 ነው፤ ስፋቱን ለማወዳደር ሬዲየሱን በራሱ ማባዛት ነው፦ 60 በ60 3600፣ 30 በ30 900። ሩቡን ነው የሚይዘው! ሁለት ጊዜ ቢሞላም ግማሽ ነው። ይህን ለአባቴ ቁጭ ብዬ ሳልነግረው መቅረቴ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እደግመዋለሁ፣ ከፊት ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። ማስመሪያሽ ከተሰበረ ከአክስትሽ ብር ተቀብለሽ ግዢ፣ በቴሌብር እመልስላታለሁ። በሶውን ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበይ። የሲሊንደሩን ጥያቄ ደግሞ እንደገና ሠርተሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ማታ አብረን እናየዋለን።

እናትሽ