ሚዛኑን እንዴት ነው የተውሽው?

እታለሜ፣

መቼም «ሞታ ነው ወይስ ጠግባ?» ሳትዪ አልቀረሽም። አልሞትኩም። ስለ ጥጋቡ ደግሞ ቆይቼ አወራሻለሁ። ለጠፋሁበት ይቅርታ፤ ሰበብ ብደረድርልሽ አንድ በአንድ ስለምታፈርሽው ድካሙ ይቅርብን። ጉዳይ ባይገጥመኝ ዛሬም እንደማልጽፍልሽ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ስለዚህ በደፈናው ማሪኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የወጥ ቤት ሚዛን ገዛሁ።

ሳቂ፤ ስቀሽ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ። ያኔ ዳቦሽን ቁራሽ በቁራሽ ስትመዝኚ «ፋርማሲስቷ» ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ስሙን አልመልሰውም፣ ዛሬም ያምርብሻል። ግን እህቴ፣ አሁን ለቁርስ የምበላው አጃ እንኳ ሚዛን ሳይረግጥ አፌ አይደርስም።

ነገሩ የጀመረው ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ሲለኝ ነው። «እኔ እኮ የምበላው ትንሽ ነው» አልኩት። አልተከራከረኝም፤ «እንግዲያው መዝኚውና እንይ» ብቻ አለኝ። ለካ እንዲህ የሚል ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም የሚሉ ጥቂት ሰዎች ቢመረመሩ፣ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋነው ሲናገሩ ተገኙ። ውሸታሞች ሆነው አይመስለኝም። ዘይት መቼ ዓይን ይሞላል!

የዘይቱን ነገር ልንገርሽማ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ገደማ ነው፤ እሱ ብቻ ወደ 120 ካሎሪ። እኔ ደግሞ ዘይት በማንኪያ ለክቼ አላውቅም፣ ከጠርሙሱ አንቆርቁሬ ልቤ «በቃ» ሲለኝ ነው የማቆመው። አሁን ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አቁሜ ዜሮ አደርገዋለሁ፤ አንስቼ ድስቱ ውስጥ አፈስና መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዜሮ በታች የሚያሳየኝ ቁጥር ድስቱ ውስጥ የገባው ነው። የኦቾሎኒ ቅቤውም እንደዚያው፤ በጣት ጠለቅ አድርገሽ ብትልሺ እንኳ ይቆጥርብሻል።

ሩዝ ደግሞ ሌላ ተንኮለኛ ነው። 100 ግራም ደረቁ 360 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ወደ 300 ግራም ይጠጋል፣ ካሎሪው ግን ያው ነው። የበሰለውን መዝነሽ የደረቁን ቁጥር ከያዝሽ በረሃብ ትሞቻለሽ፤ ደረቁን መዝነሽ የበሰለውን ቁጥር ከያዝሽ ደግሞ ያው እኔን ነሽ። ስለዚህ ጥሬውን ነው የምመዝነው። የድስቱንም ባዶ ክብደት ክዳኑ ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ፤ ለሁላችንም ያበሰልኩትን ከነድስቱ መዝኜ ያንን እቀንስና የኔን ድርሻ አወጣለሁ። ሰውዬው ክዳኑን አይቶ «የድስቷ ስልክ ቁጥር ነው?» ብሎ እስካሁን ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ደግሞ ይሠራል! ያ የምታውቂው ቀሚስ ያለ ትግል ይዘጋል። የምወደውንም አልተውኩም፤ ቸኮሌቱም አለ፣ ግራሙ ታውቆ። ረሃብም ቢሆን እንደፈራሁት አይደለም፤ ዱባና ካሮት ሳህኑ ላይ ስትቆልዪ ቁጥሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ሆድ ግን ይሞላል። አየሽ፣ ስለ ጥጋቡ አወራሻለሁ ያልኩሽ ይሄንን ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስታ ነው። የሚቀጥለውን እንዴት እንደምጽፈው ግን... ሻይ ላፍላና ልምጣ ብዬ ተነስቼ ነበር።

ትንሿ ልጄ ሳህኗን እየገፋች አምጥታ «የኔስ ስንት ግራም ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ አይመዘንም» አልኳት። «ለምን?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። «ልጅ ስለሆንሽ» ብላት ስታድግ መመዘን ግዴታ ሊመስላት ነው። «እኔ ወፍሬ ነው» ብላትስ? ወዲያው መስታወት ፊት የምትቆም ልጅ ናት፣ ታውቂያት የለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፊቴ እንደሚጠቁር አይታለች መሰለኝ። እኔ ግራም ስቆጥር እሷ እኔን ስትቆጥር ከርማለች።

እሷን ብቻ ሰበብ ባላደርግ ይሻላል። አንቺ ስለሆንሽ ልናገር፦ ሰው ቤት ስቀርብ ጨዋታው ያመልጠኛል፤ ዓይኔ ሳህኑ ላይ ሆኖ ልቤ ይደምራል። በቀደም ለእራት ጠርተውን «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ፤ ምንም አላመመኝም፣ ያልመዘንኩትን መብላት ጨንቆኝ ነው። ያሰብኩትን ያህል ሳልበላ የዋልኩ ቀን ደግሞ ደስ ይለኛል። ይኼኛው ደስታ ነው የማላምነው።

አንቺ ግን ተውሽው። ሚዛኑ የሆነ ቀን ከጠረጴዛሽ ላይ ጠፋ፤ እኔም መሳቄን እንጂ መጠየቄን መቼ አውቄበት። እንዴት ነው የተውሽው? በአንድ ቀን ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ዓይንሽ ለምዶ መገመት ቻለ ወይስ ግምቱም እያደር ይስታል? ኪሎውስ ተመልሶ መጣብሽ? ፎቶሽን ሳየው አልመጣም፤ ጥቁር መልበስሽን ግን ልብ ብያለሁ።

እኔ ያሰብኩት ይሄ ነው። ዓይን የሚሸውዱትን ብቻ ልመዝን፦ ዘይቱን፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን፣ ለውዙን፣ ሩዙን። ዱባና ካሮት በነፃ ይለፉ። ሰው ቤት ስሄድ እንደ ሰው ልብላ፤ የሰውነቴ ክብደት እንደሆነ በጨውና በውሃ ብቻም አንዱን ቀን ከፍ፣ አንዱን ቀን ዝቅ ይላል፣ አንድ እራት አያፈርሰኝም። የልጅቷ ነገር ነው ያልቆረጠልኝ። እሷ በሌለችበት ልመዝን ስል መደበቁ የባሰ ይመስለኛል፤ ፊቷ ልመዝን ስል ደግሞ ያ ጥያቄ ይመጣል። ለኬክ ዱቄት እሷ ራሷ ትመዝንበት ብዬም አስቤያለሁ፤ ሚዛኑ የዱቄትም ዕቃ መሆኑን ብታይ ምን ይመስልሻል?

መጻፉ ከሰለቸሽ ደውዪልኝ፤ ብትቆጪኝም እችለዋለሁ። ብቻ ማታ እሷ ከተኛች በኋላ ይሁን፤ ስልኬን ከእኔ ቀድማ የምታነሳው እሷ ናት፣ ካንቺ ጋር ወሬ ከጀመረች ደግሞ ተራ አይደርሰኝም።

ያንቺው