ብዩ እንቁላል የሚሆንባችሁ ለምንድን ነው?

አዳማ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የመስታወት ብይ ቅርጽ ማውጫ አመራረጥን ይመለከታል

ሰሞኑን አንድ ደንበኛችን ከኪሳቸው ሦስት ብይ አውጥተው ጠረጴዛችን ላይ አንከባለሉ። አንዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሁለቱ ግን እንደሚያነክስ ሰው ወዲያና ወዲህ እያሉ ጠርዙ ጋ ሳይደርሱ ቆሙ። «የሸጣችሁልኝ ቅርጽ ማውጫ ጠማማ ነው» አሉን። ቅርጽ ማውጫ የምንለው፣ በዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የጋለ መስታወት እየተሽከረከረ ክብ እንዲሆን የሚያርፍበት ጉድጓድ ያለውን መሣሪያ ነው። ጉድጓዱን በካሊፐር፣ ማለትም ስፋት በሚለካ መሣሪያ፣ ለካነው፤ እንከን አልነበረውም። ጥፋቱ ግን ከእኛም አያልፍም። ደንበኛችን የሚሠሩት 20 ሚሊ ሜትር ብይ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ሳንጠይቃቸው የሰጠናቸው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ነበር።

ጉድጓዱ ከብዩ እጅግ ሲሰፋ፣ የጋለው መስታወት የሚያርፈው በታችኛው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያው ጠፍጠፍ ይላል። ሲጠብ ደግሞ ብዩን የሚነካው የጉድጓዱ ከንፈር ብቻ ነው፤ ጫን ካላችሁት ቀለበት የመሰለ መስመር ያትምበታል። እኛ የምንመክረው ከብዩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰፋውን ነው። ጥልቀቱም ከግማሽ ሉል ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ ዘንጉን ወደ ጎን ማዘንበል አትችሉም። ማዘንበል ካልቻላችሁ መስታወቱ የሚሽከረከረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል፤ እንቁላሉም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የትኛውም ቅርጽ ማውጫ ዝም ብሎ ለያዘው እጅ ክብ ብይ አይሰጥም።

ስድስት ጉድጓድ ያለው ጡብ መሰል ቅርጽ ማውጫ ያምራል፤ እኛም ብንሸጠው ደስ ይለናል። ለጀማሪ ግን ተከታታይ መጠን ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጉድጓዶች ይበቁታል። ትልቅ ብይ ለሚመኙ አንድ ስሌት እንንገራችሁ፦ የብዩ ስፋት ከ16 ወደ 32 ሚሊ ሜትር በእጥፍ ሲያድግ፣ የሚፈልገው መስታወት በስምንት እጥፍ ያድጋል። ያንን ሁሉ እስከ እምብርቱ ማጋል ለትንሽ ነበልባል ከባድ ነው። ሲቀዘቅዝም ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ በምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልበረደ ትልቅ ብይ ከቀናት በኋላ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ከብረት በቶርኖ የተቆረጡ ቅርጽ ማውጫዎች እንሸጥ ነበር። ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ብረቱ ሲቀዘቅዝ የመስታወቱን ቆዳ ያጨማድደዋል፣ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ መስታወቱ ይጣበቅበታል። አሁን የምንሸጠው ግራፋይት ነው፤ በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። መስታወት አይጣበቅበትም፣ ክብደቱም የብረትን ሩብ እንኳ አይሞላም። ዋጋው ግን ከብረቱ ይበልጣል፤ ሲወድቅም ይሸረፋል። ከሁሉ በላይ ነበልባል በቀጥታ አታሳርፉበት፤ በአየር ውስጥ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ቀስ በቀስ ይቃጠላል፣ ገጹም ይቦረቦራል። ከነበልባሉ ዳር ሞቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ስትጨርሱም በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። የቦረቦረውን በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ አሉ፤ የጉድጓዱን ክብነት የሚያጠፉት በገዛ እጃቸው ነው።

ስለ ነፋሱም አንድ ነገር እንበል። ከከተማችን አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በረንዳ ላይ የምትሠሩ ሰዎች የብዩ አንድ ጎን ቀድሞ እየበረደባችሁ ቅርጽ ማውጫውን ትረግማላችሁ። ነፋሱን የሚከልል ነገር ከጎናችሁ አቁሙ፤ ክፍሉን ግን አትዝጉት፣ ጋዝ የሚያቃጥል ሰው አየር ያስፈልገዋል።

ጠርዙ ያልተሸረፈና ያልተቃጠለ ቅርጽ ማውጫ በሌላ መጠን እንቀይርላችኋለን። ስትመጡ የሠራችሁትን ብይ ይዛችሁ ኑ፤ የምንለካው እርሱን ነው።

ከሰላምታ ጋር